«ጠልፎ በኪሴ»፦ በሠርግ የሚያልቅ ጨዋታ፣ በሠርግ ያልቅ የነበረ ሕግ

«ጠለፈ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። እኛ ማኅበርተኞች ቃሉን ስንሰማ መጀመሪያ የሚታየን መርፌና ክር ነው፤ የቀሚስ ደረት፣ የትራስ ልብስ፣ ለገበያ የምናደርሰው መሐረብ። ያው ቃል ግን ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ወይም ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ የተያዘችን ልጅም ይመለከታል። ደራሲው መንግሥቱ ለማ ለኮሜዲያቸው ስም ሲያወጡ የወሰዱት ይህን ሁለተኛውን ነው፦ «ጠልፎ በኪሴ»። ልጅቱ እንደ መሐረብ ታጥፋ ኪስ ገባች እንደ ማለት ነው። ርእሱ ሲሰሙት ያስቃል፤ ቆየት ብሎ ግን ይቆረቁራል።

ከአባሎቻችን አብዛኞቹ ቴአትር ቤት ገብተው አያውቁም። ጠለፋ ምን እንደሆነ ግን ከሰቆጣ እስከ ደሃና፣ ከጋዝጊብላ እስከ ዝቋላ የማታውቅ የለችም። ድጋፍ የሚያደርጉልን ወዳጆቻችንም «ሕጉ እያለ ይህ ልማድ ለምን አልጠፋም?» እያሉ ይጠይቁናል። በዚህ እትም መልሱን ከሪፖርት ይልቅ ኮሜዲ ውስጥ ብንፈልገው ይቀላል ብለናል።

መንግሥቱ ለማ የታወቁት የቤተ ክህነት ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው። የአባታቸውን ትዝታ ከአንደበታቸው እየተቀበሉ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርገው አሳትመውታል። በ1940ዎቹ ደግሞ እንግሊዝ አገር ተምረዋል። ስለዚህ አንድ እግራቸው የአባቶች ጨዋታ ላይ፣ አንድ እግራቸው የለንደን መድረክ ላይ ነበር። «ያላቻ ጋብቻ» በ1957፣ «ጠልፎ በኪሴ» በ1961 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። ደራሲው በኋላ ዘመናቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ሲያስተምሩ ቆይተው በ1980 ዓ.ም. አርፈዋል።

ወደ ጨዋታው እንግባ። ጠላፊ ሲባል እኛ የሚታየን ዱላ የያዘ፣ ጓደኞቹን ያስከተለ የገጠር ጎረምሳ ነው። በ«ጠልፎ በኪሴ» ጠላፊዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ፣ የአዲስ አበባን ኑሮ የለመዱ ላጤዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሚስት ያስፈልገዋል። የፈረንጁን መንገድ ትተው ወደ አባቶቻቸው ወግ መመለስ ያምራቸዋል፤ ከአባቶች ወግ ሁሉ መርጠው የሚያነሡት ግን ጠለፋን ነው! ባህል ከተባለ ደቦው አለ፣ ዕድሩ አለ፣ ለሐዘንተኛ እንጀራ ጋግሮ መሄዱ አለ። እነዚያን ለመማር ግን ድካም ይጠይቃል። ደራሲው የሚስቁት በገጠሩ ሰው ሳይሆን፣ «ባህሌ ነው» እያለ ለራሱ የሚመቸውን ብቻ በሚመርጠው የተማረ ወንድ ነው። ይህን ዓይነቱን ሰው ዛሬም እናውቀዋለን፤ ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች መብት ጥሩ አድርጎ ይናገራል።

ኮሜዲ ነውና መጨረሻው ዕርቅና ትዳር ነው። ተመልካቹ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ቆመናል። ምክንያቱም ጨዋታው በተጻፈበት ዘመን የአገሩ ሕግም መጨረሻው እንደዚሁ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይላል፤ ዞር ብሎ ደግሞ የተጠለፈችው ጠላፊዋን ካገባችው ክሱ እንዲቀር ያደርጋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ ብሎ ወስኖ ነበር። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ስታነቧቸው፣ የ15 ዓመት ልጅ የጠለፈ ሰው ከወህኒ የሚያድነው ሠርግ ነው ማለት ነው። ልጅቱ «እሺ» ስትል በምን ሁኔታ ላይ ሆና እንዳለችው የሚጠይቅ አልነበረም። ቤት ተዘግቶባት ከሰነበተች፣ ሰፈሩም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል» ካለ በኋላ የሚመጣ «እሺ» ምን ዓይነት እሺ ነው?

ያን መጨረሻ ለመለወጥ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ተከተለ። የጠለፋው ነገር የተቋጨው ግን ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ ሴትን በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል፤ ቀጥሎም ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከኃላፊነት እንደማያድነው ይናገራል። አባሎቻችን ይህን የአንቀጽ ቁጥር በቃላቸው እንዲይዙት እንፈልጋለን። የስልክ ቁጥር ያህል ይጠቅማል።

በመካከሉ ከባድ ዋጋ የተከፈለበት አንድ ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤትም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሠራው «ድፍረት» የተባለ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። በፊልሙ ውስጥ ሳቅ የለም። ከ«ጠልፎ በኪሴ» ጋር አስተያይቶ ያየ ሰው፣ አንዱ ጉዳይ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሳቅ ወደ ምን እንደተሻገረ ይገባዋል። የመንግሥቱ ለማን ሳቅ ግን አንንቅም። በአደባባይ የማይነሣውን ነገር መጀመሪያ መድረክ ላይ ማቆም የቻለው ሳቅ ነው።

ሕጉ መጨረሻውን ለወጠ፤ ሽምግልናው ግን ብዙ ጊዜ የድሮውን መጨረሻ ይዞ ቀርቷል። ከጠለፋው በኋላ የሚሆነውን እናውቀዋለን። የጠላፊው ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ይለምናሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ አባትም «አንዴ የሆነ ነገር ነው» ይላል። ሽምግልናን አንጠላም፤ ስንት ደም አድርቋል። ዳሩ ግን ስለ ልጅቱ ሲሸመገል ልጅቱ የለችም። ከአባሎቻችን አንዷ ልጇ ተጠልፋ ከተከሰሰች በኋላ ሳይሆን ጠላፊው ከተከሰሰ በኋላ (ሰው አንዳንዴ የተከሰሰችው ልጅቱ ያስመስለዋልና ነው) «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ቤቷ ድረስ መጣላት። ከፈረሙት ውስጥ የልጅቱም የእናትዮዋም ስም የለም። እናት ወረቀቱን አልተቀበለችም፤ አራት ማኅበርተኞች አብረዋት ቀበሌም ፍርድ ቤትም ተመላለሱ። ልጅቱ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት።

ስለ ደራሲው ሌላ ኮሜዲም ጥቂት እንበል። በ«ያላቻ ጋብቻ» ውጭ አገር የተማረው የባለጸጋ ልጅ ባሕሩ የከተማውን ድሎት ትቶ ገጠር ይገባል። ዘመዶቹ አቻውን እንዲያገባ ይፈልጋሉ፤ እሱ ግን ልቡ ያረፈው ገረዲቱ ላይ ነው። ለከተማ ልጆች ይህ የፍቅር ታሪክ ነው። ከእኛ መካከል በሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ያደጉት ግን ሲሰሙት ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፦ ባሕሩ ባይወዳትስ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?

ይህን ጥያቄ ያነሣ የእንግሊዝኛ ተውኔት ጸሐፊ አለ፤ መንግሥቱ ለማ በለንደን ዘመናቸው ሥራዎቹን ወድደዋል የሚባልለት በርናርድ ሾው ነው። በ1906 ዓ.ም. መድረክ ላይ በወጣው «ፒግማሊዮን» ውስጥ ኤላይዛ የምትባል አበባ አዟሪ አለች። ሂጊንዝ የሚባል ምሁር በስድስት ወር አነጋገሯን አርሞ የመሳፍንት ወገን አስመስላታለሁ ብሎ ይወራረዳል። አባቷ መጥቶ አምስት ፓውንድ ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን ስናነብ አንዲት እናታችን «እዚያም ጥሎሽ አለ ለካ!» ብለው አሳቁን። አሥር ፓውንድ ሲሰጡት እንኳ አባትየው አልቀበልም ማለቱን ስንነግራቸው ደግሞ «ሞኝ ነው» አሉ።

ተመልካቹ ኤላይዛና ሂጊንዝ እንዲጋቡ ይጠብቅ ነበር። ሾው ግን እምቢ አለ። ከጨዋታው በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ኤላይዛ ሂጊንዝን ሳይሆን ፍሬዲ የሚባለውን ወጣት እንዳገባችና መጀመሪያም ትመኘው የነበረውን የአበባ ሱቅ እንደከፈተች ይተርካል። የሱቁ መነሻ ገንዘብ ከወዳጅ ተገኘ። ሒሳቡ ግን አልሆን አላቸው፤ ባልና ሚስቱ ገቢና ወጪ መመዝገብ ስለማያውቁ ሱቁ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ ሱቁም ቀስ በቀስ ቆመ።

ይህን ክፍል አንዲት አባላችን ለቁጠባ ቡድኗ በኽምጣንኛ ስትተርከው የቡድኑ ሒሳብ ያዥ ጣልቃ ገብታ፣ ኤላይዛ ዱቤ የሸጠችውን የት ትመዘግብ እንደነበር ጠየቀች።