ነፋስ ሳያጣ ሸራ ያጣ ሐይቅ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ከከተማዋ ቀድሞ የሚያየው በኮረብቶቹ ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመሩት 34ቱ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተጨመሩት 102ቱ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የቆሙ ናቸው፤ ነፋስ በሌለበት ቦታ ይህን ያህል ብረት የሚተክል የለም። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትንሽ ራቅ ሲሉ የቆቃ ሐይቅ ተንጣልሎ ይገኛል። ወደ ደቡብ የቀጠለ ሰው ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን እያለፈ ሐዋሳ ይደርሳል፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ደግሞ የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ያገኛል። በዚህ ሁሉ ውኃና ነፋስ መካከል ግን በሸራ መጓዝም ሆነ በሸራ ጀልባ መወዳደር ይህ ነው የሚባል ልማድ ሳይሆን ኖሯል። ለዚህ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉ። አንዱ ሕዝባችን የደጋ ሰው ስለሆነ ውኃ ይፈራል ይላል፤ ሌላው የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ጠባዩ ስለማይታወቅ ለሸራ አይሆንም ይላል። ሁለቱም ሲመረመሩ አይጸኑም። እኔ እንደማየው የጎደለው ነፋስም ድፍረትም አይደለም፤ ሐይቁ ዳር የሚኖር፣ በየሳምንቱ የሚገናኝ፣ ጀልባ የሚጠግንና ልጆች የሚያስተምር ማኅበር ነው።

ውኃ እንፈራለን ለሚለው መልሱ ዝዋይ ላይ አለ። ኦሮሞዎች ሐራ ደምበል በሚሉት በዚህ ሐይቅ ደሴቶች፣ በቱሉ ጉዶ፣ በጸደቻ፣ በፉንዱሮ፣ በገሊላና በደብረ ሲና፣ የዛይ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ በቱሉ ጉዶ ያለችው የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ ያረፈባት ናት ተብሎ ይተረካል። ትረካው እውነት ይሁን አይሁን ለእኔ ነጥብ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር እነዚህ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርሻቸውን በደሴቱ ተዳፋት ላይ በእርከን ሠርተው፣ ልብሳቸውን ሸምነው፣ ቆሮሶ አጥምደው፣ ወደ የብስ መውጣት ሲያስፈልጋቸው በደንገልና በፊላ ታንኳ ሐይቁን እያቋረጡ መኖራቸው ነው። ይህን ታንኳ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ድፍረት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ደንገሉ በእቅፍ በእቅፍ ተሰብስቦ በገመድ ጠብቆ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ግድግዳ የለውም፤ ውኃው በእስሩ መካከል እያለፈ የቀዛፊውን መቀመጫ ያርሳል። ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ካልደረቀ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ቢደርቅም ዕድሜው ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ላይ በእንዲህ ያለ ነገር የሚወጣን ሰው ውኃ ይፈራል ብሎ ማማት አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ነፋሱ የሚነሳው ነው፤ እርሱ ከበድ ይላል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጧት እንደ መስተዋት ተኝተው ያረፍዳሉ፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ ግን ሌላ ይሆናሉ። ፀሐይ የሸለቆውን ወለልና ግራና ቀኝ ያሉትን የአርሲና የጉራጌ ተራሮች ስታሞቅ አየሩ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። በበጋ የምሥራቁ ነፋስ ይጨመርበታል፤ በክረምት ደግሞ ዝናብ የያዘ ደመና ሳይታሰብ ወጀብ ይዞ ይመጣል። ዝዋይ በስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢዘልቅም አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ነፋስ ጥልቀት የሌለውን ሰፊ ውኃ ሲመታ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጭቃውን ከሥር ይበጠብጠዋል፤ አነስተኛ ጀልባን ከረጅም ሞገድ ይልቅ ያንገላታል። ለዘመናዊ የውድድር ጀልባ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ምሰሶው 6 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጀልባዋ የተገለበጠች እንደሆነ ጫፉ ወርዶ ጭቃ ላይ ይተከላል፤ ማንሳቱ ፈተና ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ነፋስን የሚሸሹት ስላላወቁት ሳይሆን ስላወቁት ነው ቢል ትክክል ነው። በማለዳ ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሳ መመለስ፣ ውኃው ጥልቀት ከሌለበት በዘንግ እየገፉ መሄድ ለዚያ ሐይቅ የተገኘ ብልህ መፍትሔ ነው። ሸራ የሚጠቅመው ነፋሱን ለሚፈልግ ሰው ነው፤ እነርሱ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ሥራቸውን ይጨርሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ተቃዋሚ፣ ነገሩ የጊዜ አመራረጥ ሳይሆን የታንኳው ድክመት ነው፤ ደንገል ሸራ አይሸከምም ሊል ይችላል። ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚገርመው መልስ የመጣው ከራሳችን ሐይቅ ደንገል ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ፣ ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ባለሙያዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ በሸራ ተነሥታ አትላንቲክን ልትሻገር ጥቂት ሲቀራት ፈረሰች። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ባለሙያዎች የታሰረችው «ራ ሁለት» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ከኢትዮጵያ ሐይቅ የተቆረጠ ሣር ሸራ ተሸክሞ ውቅያኖስ የተሻገረው፣ ሄየርዳል ከአራቱም ማዕዘን ሠሪ፣ ገንዘብና ሠራተኛ ሰብስቦ ስላደራጀው ነው። እዚህ ያልተሰበሰበው እርሱ ነው። የዛይ ሰው ከደሴት ወደ የብስ ለሚያደርገው አጭር ጉዞ ሸራ ቢያበጅ ምን ያተርፍ ነበር? የሚጭነው እህል፣ ዓሣና ሽመና በአንድ ታንኳ የሚያልቅ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ሰፊ የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ ደሴቱ መጠጊያ ነበር፤ ከየብሱ ጋር የነበረው ግንኙነት በሰፊው የተከፈተው በምኒልክ ዘመን ነው። ሐይቁ ለዚያ ሕዝብ የንግድ ጎዳና ሳይሆን አጥር ሆኖ ቆየ። ንግድ የሚፈስበት ውኃ ትልቅ ጀልባ ይፈልጋል፤ ትልቅ ጀልባ ነፋስ ይፈልጋል። በቀይ ባሕር ዳር የምፅዋ ሳምቡኮች በሸራ የሚጓዙት ለዚህ ነበር፤ ዝዋይ ግን ከምፅዋ ጋር በምንም አልተገናኘችም። በኋላም ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሸዋ ዕቃ በሐዲድ ሄደ፤ በሐይቅ የሚያሻግር ነጋዴ ደግሞ አልመጣም።

ነፋሱ ለሸራ አይሆንም የሚለውን ደግሞ ኬንያ ትመልስልናለች። ናይቫሻ በዚያው ስምጥ ሸለቆ ያለ ሐይቅ ነው፤ ከዝዋይ ወደ 250 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ እዚያም አለ። ሆኖም በናይቫሻ ዳር የያት ክለብ ተቋቁሞ ኖሯል፤ ናይሮቢ ራሷ ውስጥም ባለች አንዲት የግድብ ውኃ ላይ የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ናይቫሻን ሸራ ያለበሰው ሰፋሪው እንግሊዛዊ ነው። መሬት ይዞ፣ ቤት ሠርቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ሥራ የሌለው፣ ከአገሩ የውድድር ደንብና የክለብ ልማድ ይዞ የመጣ፣ ጥቅሙን ግን ከሌሎች መሬት ላይ ያገኘ ሰፋሪ ነው። ይህን የምለው እንደ ናፍቆት አይደለም፤ ኢትዮጵያ ያን ሰፋሪ ባለመያዟ ከዕድለ ቢሶች የምትቆጠርበት ምክንያት የለም። ነጥቡ ግን ይጸናል፤ በአንድ ዓይነት ነፋስ ላይ አንዱ ሐይቅ ሸራ ካለው ሌላው ከሌለው ነፋሱን መክሰስ አይቻልም።

እኛ ጋ ለዚህ ነገር ከሁሉ የቀረበው ሁኔታ የነበረው አዳማ አካባቢ ነው። ከከተማዋ በአጭር ርቀት ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ሆላንዶች ደግሞ በሸራ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ከኢጣሊያ የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በአዋሽ ላይ አዲስና ሰፊ ሐይቅ ተፈጠረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዳሩ ገሊላ የተባለውን ቤተ መንግሥት ሠሩ። ነፋስ፣ ሐይቅና ሸራ የሚያውቅ ሰው በአንድ ወረዳ ተገናኙ ማለት ነው። ያም ሆኖ አልሆነም፤ ምክንያቱም የወንጂው ባለሙያ በኮንትራት የመጣ እንጂ ለልጁ ሊያወርስ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1975 ኩባንያው ተወርሶ ሲሄድ ከእርሱ ጋር የመጣው ልማድ ሁሉ አብሮ ሄደ። ከውኃው ወገን ደግሞ ቆቃ የተሠራው ለኤሌክትሪክና ለመስኖ ነው፤ ዳሩ የሚቆመው እንደ ግድቡ አጠቃቀም እንጂ እንደ ተወዳዳሪው ፍላጎት አይደለም። መስከረም ላይ ይሞላል፤ በበጋው እየጎደለ በሰኔ መግቢያ ዝቅ ይላል። ጀልባ ማውረጃ ብትሠራ በጥቂት ወራት ጭቃ ላይ ትቀራለች። ከዚህ በላይ የእምቦጭ አረም በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ግድቡ ከተመረቀ አምስት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። ደለሉ የሐይቁን አቅም በየዓመቱ ቀንሶታል፤ አዞ ባለበት ውኃም ጀልባ ተገልብጦ መዋኘት አያሳስብም ማለት ከባድ ነው።

ለፍትሕ ሲባል፣ የዳር መሸሽ ብቻውን ክለብን አይገድልም። የናይቫሻም ውኃ ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ሸሽቷል፣ ተመልሷል፣ እርሻ አጥለቅልቋል፤ ክለብ ያለው ሰው ማውረጃውን እየተከተለ ያዛውራል። ይህን የማያደርግ ግን በጉዞ ላይ ያለ እንግዳ ነው። ላንጋኖን ያየነው በዚህ ዓይን ነው። 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ40 ሜትር በላይ ጥልቀት፣ ከቢልሃርዚያ ነፃ የሚባል ቡናማ ውኃና ጥሩ የከሰዓት ነፋስ አለው፤ ከአገሪቱ ሐይቆች ለሸራ የሚመቸው እርሱ ነው ብንል አንሳሳትም። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሆቴሎች በዳሩ ቆሙ፤ የቱሪስት መመሪያዎችም ዋናን፣ የውኃ ላይ ስኪንና የሸራ ጀልባን አብረው ሲዘረዝሩ ኖረዋል። ነገር ግን በሆቴል ጀልባ ላይ የሚወጣው ሰው ዓርብ ማታ ደርሶ እሑድ ከሰዓት የሚመለስ የአዲስ አበባ ሰው ወይም ዲፕሎማት ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ነፋስ ሲለዋወጥ ሸራ መሳብና መልቀቅ አይለመድም። ውድድር ደግሞ ከዚህም በላይ ይፈልጋል፤ ዳኛ፣ ጀማሪና ነባር፣ ከሁሉ በላይ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ተፎካካሪ።

ይህ የፈረንጅ መዝናኛ ነው፣ ለእኛ ምኑ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ሩጫ እንኳ በውድድር መልኩ የመጣው ከውጭ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚታየው የአርሲ ከፍታ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርቷል፤ ከፍታው ለሁሉም የአርሲ ወረዳ አንድ ሲሆን ሦስቱም ግን የመጡት ከበቆጂ ነው። በበቆጂ የነበረው ነገር ስንታየሁ እሸቱ የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ከትምህርት በኋላ ልጆችን ወደ ሜዳ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ተራራውም ለዘመናት ነበረ፤ ያነሳሳው መምህሩ ነው። በሐይቅ ላይ ይህን የሚያህል ሰው መነሳቱ ግን ከሩጫ ይልቅ ከባድ የሆነበት ምክንያት አለ። ሩጫ ጫማ ሳይኖርም ይጀመራል፤ ጀልባ ግን የሚገዛ፣ የሚጠገንና የሚጠበቅ ዕቃ ነው።

ስለዚህ አሁን ማን ሊጀምረው ይችላል ብባል፣ ነፋሱን ብቻ የሚመለከት ሰው ላንጋኖን ሲያመለክት እኔ ቢሾፍቱን እላለሁ። ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንዱ የሆነው ባቦጋያ ስፋቱ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ጥልቀቱ ግን 65 ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው፤ ነፋሱ ከእሳተ ገሞራው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ይወርድና ሳይታሰብ አቅጣጫ ይለውጣል፤ ለሸራ መልመጃ ከዚህ የከፋ ነፋስ ማግኘት ይቸግራል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ ዳሩ እንደ ቆቃ አይሸሽም፤ በዳሩም ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሰው፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቀን አለ። ማኅበር የሚቀድመው ከሆነ ክለቡ የሚበቅለው እዚያ ነው፤ ነፋሱ የሚቀድመው ከሆነ ላንጋኖ ላይ ነው። እስካሁን ሁለቱም አላበቀሉም።