ውርርድ የተያዘባቸው ሰው

ከባንክ መስኮት ኋላ መሥራት ከጀመርሁ ዐሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሥራዬ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት ቃል «እርስዎ» ናት። ወንድ ወይም ሴት አትልም፤ ከፊቷ የቆመውን ሰው ታከብራለች እንጂ። ስለ ሸቫሊዬ ዴኦን ለመጻፍ ብዕር ሳነሣም ያዳነችኝ እርሷና እኅቷ «እሳቸው» ናቸው።

ሻርል ዴኦን በ1728 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ፣ ቶኔር በምትባል ከተማ ተወለዱ። የፈረሰኛ ጦር መኮንን፣ ዲፕሎማትና የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሰላይ ነበሩ። በ1762 ለንደን ገቡ። ከ1770 ገደማ ጀምሮ ግን «ሴት ናቸው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የከተማዪቱ ነጋዴዎችም ወሬውን ገበያ አወጡት። ውርርዱ የሚጻፈው እንደ መድን ውል ነበር፤ 15 ጊኒ አረቦን የከፈለ፣ ዴኦን ሴት መሆናቸው ከተረጋገጠ 100 ጊኒ ይቀበላል። እኔ አረቦን ሲከፈል የማውቀው ለመጋዘን፣ ለጭነት መኪና፣ ለቡና ነው።

በ1777 አንዱ ውርርድ ከሎርድ ማንስፊልድ ችሎት ደረሰ። ምስክሮች «ሴት መሆናቸውን እናውቃለን» ብለው ማሉ፤ ለከሳሹም 700 ፓውንድ ተፈረደለት። ገላቸውን አላስመረምርም ብለው የጸኑት ዴኦን በችሎቱ አልነበሩም። በዓመቱ፣ በሌላ ተመሳሳይ ክስ፣ ያው ማንስፊልድ የሌላውን ሰው ክብር የሚነካ ውርርድ በሕግ አይጸናም አሉ። ዘገየ እንጂ መልካም ፍርድ ነበር።

ዴኦን ሴት ተብለው ለመኖር በ1775 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተፈራርመው ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን የወታደር ልብሳቸውን ማውለቅ አልወደዱም፤ ሉዊ 16ኛ የሴት ልብስ እንዲለብሱ አዘዙ። ታዘዙ፤ የቅዱስ ሉዊ ኒሻናቸውን ግን ከቀሚሳቸው ላይ አልነጠሉም። በ1787፣ በ58 ዓመታቸው፣ ለንደን ውስጥ ቀሚስ እንደለበሱ ከዝነኛው ሸቫሊዬ ደ ሴን ዦርዥ ጋር በጎራዴ ተጋጠሙ። የፈረንሳይ አብዮት ጡረታቸውን ሲያስቀርባቸው፣ በ1796 ክፉኛ እስኪቆስሉ ድረስ፣ እንጀራቸው ይኸው ጎራዴ ሆነ።

በ1810 ዐረፉ። ሐኪሞች አስከሬናቸውን መርምረው የወንድ አካል ነው ብለው ፈረሙ። ለዓመታት አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ ኮል በጣም ደነገጡ ይባላል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በሴትነት የኖሩትን ሰው የመጨረሻ መዝገብ የጻፈው የሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህን ያነበብሁት ከአንድ ቀን በኋላ ባይሆን ኖሮ ምናልባት ስቄ አልፈው ነበር። ያን ቀን አንድ ደንበኛ መታወቂያ አቀረቡልኝ፤ ወረቀቱ አንድ ጾታ ይላል፤ ድምፃቸውና አለባበሳቸው ሌላ። ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ በጆሮዬ «በማኪያቶ እንወራረድ?» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያም ዐሥር ዓመት አፌ የለመደው «እርስዎ» ጠፍቶኝ «አንተ… አንቺ…» ስል ተንተባተብሁ።

ደንበኛዬ ቀና ብለው አዩኝ። ገንዘባቸውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ፈረሙ፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» ብለውኝ ወጡ።