ከጀርባ የሚበራ ሥዕል፦ የፒንቦል መስታወት አሠራርና መልክ

በፒንቦል ማሽን ራስ ላይ የሚቆመው ባለሥዕል መስታወት በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል። ድፍን ቀለሙ፣ ወፍራም ጥቁር ጠርዙና ጥላ የሌላቸው ፊቶቹ የሠዓሊው ችሎታ ማነስ ተደርገው ይወሰዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ግን መልኩን የወሰነው የኅትመት ዘዴው ነው የሚል ነው።

የኢንዱስትሪው ማዕከል ቺካጎ ነበረች። ጎትሊብ፣ ባሊና ዊሊያምስ የሚያመርቱት እዚያ ሲሆን፣ አድቨርታይዚንግ ፖስተርስ የተባለው የከተማዋ ማተሚያ ቤት መስታወቶቻቸውን ያትም ነበር። በ1947 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን፣ ኳስ መምቻ ፍሊፐር የተገጠመለትን የመጀመሪያ ማሽን ሀምፕቲ ደምፕቲን የሣለው ሮይ ፓርከርም ከዚሁ ቤት ነው።

ሥዕሉ በስክሪን የሚታተመው ከመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሌላ ቦታ ማሳረጊያ የሚሆነው ጥቁር መስመር እዚህ ይቀድማል፤ ቀለሞቹ ተራ በተራ ይከተላሉ፤ ከዚያ ነጩ፣ በመጨረሻም ብርሃን የማያሳልፈው ሽፋን ይመጣል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሠዓሊው በጥቂት ድፍን ቀለሞች ማሰብ ግድ ይለዋል። ሽፋኑ በተተወበት ቦታ ሁሉ የአምፖሉ ብርሃን ዘልቆ ይወጣል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በነበሩ ብዙ ማሽኖች ነጥቡ የሚነበበው በሥዕሉ ላይ ከተበተኑና በየተራ ከሚበሩ ቁጥሮች ነበር። ፓርከር ለእነዚህ ቁጥሮች በሰዎቹና በዕቃዎቹ መካከል ቦታ ማበጀት ነበረበት፤ የድርሰቱ ብልሃት ጎልቶ የሚታየኝም እዚህ ላይ ነው።

በ1981 ፖል ፋሪስ ለባሊ የሣለው ሴንቶር ይህን የቀለም ቁጠባ ሆን ብሎ ወደ ጫፍ ወሰደው። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ሞተር ብስክሌት የሆነው ፍጡር የቆመው በጥቁርና በነጭ ዓለም ውስጥ ነው፤ ቀይ የሚገባው በቁጥብነት ነው። በእኔ ግምት ከዘመኑ ሥራዎች የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በፕላስቲክ ላይ የሚደረግ ባለአራት ቀለም ኅትመት ስክሪኑን ተካ። ጥላና ፎቶ መሰል ዝርዝር እንደልብ ሆነ፤ በ1992 የወጣውና ከ20,000 በላይ የተመረተው አዳምስ ፋሚሊ የዚህ ዘመን ሥራ ነው።

የድሮዎቹን መስታወቶች የሚጎዳቸው ያው ያበራቸው አምፖል ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን ከመስታወቱ ያላቅቀዋል። አዳሾች በኤልኢዲ ሲተኩት ሙቀቱ ይቀንሳል። ሆኖም ቀዝቃዛ ነጭ ኤልኢዲ ከተመረጠ፣ በቢጫማ ብርሃን ይታይ የነበረው ቀይና ብርቱካን ይለወጣል። ስለዚህ የእድሳት መዝገብ የቀለሙን ያህል የአምፖሉን ዓይነትም ሊይዝ ይገባል።