የቡና ጉዞ በባሕር ማዶ የአትክልት ቦታዎች



በኤውሮፓ የበረዶው ወራት አልፎ ጸደይ ሲገባ፣ ሕዝቡ ከየቤቱ እየወጣ አሮጌዎቹን የአትክልት ቦታዎች መጎብኘት ልማዱ ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ ለመዝናኛ ብቻ የተተከሉ አልነበሩም፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ከሩቅ አገር የመጣ ተክል የሚለመድባቸው፣ ዘሩም ተባዝቶ ወደየግዛቱ የሚላክባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የነዚህን ቦታዎች ታሪክ ቢጠይቅ፣ የአገሩን ተወላጅ በመካከላቸው ያገኘዋል፤ ይኸውም ቡና ነው።

የቡና ዋና መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ተተከለ፤ ከዚያም ሆላንዶች ጃቫ በተባለችው ግዛታቸው አለሙት። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1706 ከጃቫ የተላከ ተክል፣ በ1638 ወደ ተቋቋመው የአምስተርዳም የአትክልት ቦታ ደረሰ፤ በዚያም አብቦ አፈራ። በ1714 ከዚሁ ዘር አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበርክቶ፣ በፓሪስ በንጉሡ የአትክልት ቦታ ተተከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደ ክሊዩ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገረ፤ በመርከቡ ላይ የመጠጥ ውሃ ባነሰ ጊዜ ድርሻውን ከችግኙ ጋር እንደ ተካፈለ ራሱ ጽፏል።

ይህ ታሪክ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ችግኙ በደረሰባቸው በማርቲኒክና በሱሪናም መሬቱን የቆፈሩት፣ ፍሬውንም የለቀሙት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ተክሉም ቢሆን የትውልድ ስሙን አላገኘም፤ ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 በሳይንስ መዝገብ ሲያሰፍረው የዐረብ ቡና ብሎ ሰየመው።

ከዚህም የሚብስ ጉዳይ አለ። በባሕር ማዶ የተስፋፋው ቡና ከጥቂት ዛፎች የተራባ ስለ ሆነ፣ አንዱን የሚጎዳ በሽታ ሌላውንም አይምርም። በ1869 ስሪ ላንካ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ሴይሎን፣ ቅጠሉን እንደ ዝገት እያቀላ የሚያረግፍ በሽታ ገብቶ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የቡናውን እርሻ አጠፋው፤ ገበሬዎቹም በምትኩ ሻይ ተከሉ።

በአገራችን ግን ቡና ገና በደኑ ውስጥ አለ። በቦንጋና በቢታ ገነት አካባቢ፣ በከፋ ምድር፣ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሽታው መንገደኛን ያስቆማል፤ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። በዚያ ደን አንዱ የቡና ዛፍ ሌላውን አይመስልም፤ ድርቅን የሚችል፣ በሽታን የሚቋቋም፣ ጣዕሙ የተለየ፣ ሁሉም በየዓይነቱ ይገኛል። አምስተርዳም የደረሰው ከዚህ ሀብት እጅግ ጥቂቱ ነው። ቢታ ገነት ገነት የሚለውን ስም መያዟም ለአካባቢው የሚገባ ሆኖ ይታያል።

ይህንንም በመመልከት ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ምድር የሕይወታዊ ሀብት ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዘገበው። ሆኖም መዝገብ ብቻውን ዛፍን ከመጥረቢያ አያድንም። ደን የሚመነጠረው በገበሬ እጅ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የሚሰጠው ከመሥሪያ ቤት በሚወጣ፣ ፊርማና ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ጭምር ነው። ስለዚህ ብዕር የጨበጠ ሠራተኛ ሁሉ፣ የከፋ ደን በፋይሉ ውስጥ ባዶ መሬት ተብሎ ሲቀርብለት፣ ከመፈረሙ በፊት በጠረጴዛው ላይ የቀረበለት የሲኒ ቡና ከየት እንደ መጣ ያስብ።

የባሕር ማዶ ሰዎች አንዱን ችግኝ በጥንቃቄ ጠብቀው ታሪኩን ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። እኛም እናቲቱን ደን ጠብቀን ልናስረክብ ይገባናል።