ጥሬ ኦፓል ከነአቃፊ ድንጋዩ
ወገል ጤና አካባቢ፣ ደላንታ፣ ደቡብ ወሎ

ከመስታወቱ ፊት ቆመው ራስዎን ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘንብሉ። አረንጓዴ የነበረው ብርቱካናማ ይሆናል፤ ሰማያዊው ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ይህ ኅብር ከማቅለሚያ የመጣ አይደለም። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። ሲሊካው በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ድቡልቡሎች ሆኖ በረድፍ ተደርድሯል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ነው የሚበተነው። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ቀይ የሚታየው ድቡልቡሎቹ ተለቅ ያሉ እንደሆነ ብቻ ነው።

ከደላንታው ቀደም ብሎ የሰሜን ሸዋ መዘዞ ቡናማ ኦፓል በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ገበያ ቀርቦ ነበር፤ ብዙው ግን እየተሰነጠቀ አስቸገረ። የደላንታው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሲገኝ የኢትዮጵያ ስም ከአውስትራሊያ ጎን ይጠራ ጀመር። ኦፓሉ ያለው በገደል ወገብ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። የአካባቢው ሰዎች ገደሉን በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ ይገቡበታል፤ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሕይወት ቀጥፏል። የዚህን ድንጋይ ውበት ስናደንቅ እነርሱን መርሳት አይገባንም።

ተሞርዶ ለቀለበት የበቃ ኦፓል ያምራል። ከነአቃፊው የቀረ ግን የት እንደተፈጠረም ያሳያል፤ ለስብስብ ይህኛው ይበልጣል።

የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲርስ ኅብሩ ሊጠፋና ጥርት ሊል ይችላል፤ ሲደርቅ፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ፣ ቀለሙ ይመለሳል። ዘይትና ሽቶ ግን ስለሚያበላሹት አያስጠጉበት።