ጅብ የበላው አህያና የዋድላ ሰዋስው

ዋድላ ላይ ሰዋስው የሚጀመረው በግድያ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የመጣ አዲስ የቅኔ ተማሪ ከየኔታ ፊት ሲቀመጥ ከሚያወርዳቸው ግሶች ከፊት የሚሰለፈው «ቀተለ» ነው። «ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል» እያለ አንዱን የግእዝ ቃል ባማርኛው እየፈታ ይዘልቃል። የሚሞት ሰው የለም። ቀተለ፣ ከነቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለና ቆመ ጋር ከስምንቱ የግስ አርእስት አንዱ ነው፤ ሌላው ግስ ሁሉ ከነዚህ ባንዱ መንገድ ይረባል።

ዛሬ የዋድላ ወረዳ መቀመጫ ኮን ናት። ከወልድያ የሚመጣው የላሊበላ መንገደኛ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ስለሚታጠፍ ኮንን ሳያያት ያልፋል። ሊቃውንቱ ግን ዋድላን አይስቷትም። ቅኔ ቤት ሲቆጠር ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ይባላል፤ ትውፊቱም የቅኔን ጅማሮ ከዋድላው ከዮሐንስ ገብላዊ ጋር ያያይዘዋል፤ ወደ ቅዱስ ያሬድ የሚያሳርጉትም አሉ። ቅኔው ሲነሳ የሚደነቀው ሰምና ወርቁ ነው። ከሥሩ ያለው የሰዋስው ሙያ ግን ያን ያህል አይወራለትም።

ከዚያ ሙያ አንዱን ክፍል ቀረብ ብሎ ማየት ደግ ነው። ግስ አምስት አዕማድ አሉት ይላሉ፦ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ። ቀተለ ገደለ፣ ተቀትለ ተገደለ፣ አቅተለ አስገደለ፣ ተቃተለ ተጋደለ፣ አስተቃተለ አጋደለ። ስያሜዎቹ ራሳቸው «አደረገ» የሚለው ግስ በየዓምዱ ሲቆም የሚያወጣቸው ናቸው፤ ስሙን የሰማ ተማሪ ትርጉሙን አብሮ ሰማ ማለት ነው። ለሰዋስው ስም ሲወጣ እንዲህ ያለ ብልሃት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ከአምስቱ ሁለተኛው፣ ተደራጊው፣ እንግሊዝኛ ተማሪ «ፓሲቭ ቮይስ» ብሎ የሚያውቀው ነው።

እንግሊዝኛ ራሱ ዋድላን የረገጠው ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲገሰግስ የዋድላን አምባ አቋርጦ፣ የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ ደላንታ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እየጎተቱ መንገድ የጠረጉት በዚያው አገር ነበር። ያ ጦር ግን ሰዋስው አላስተማረም። የፈረንጅና የሐበሻ ሰዋስው የተገናኘው ከዚያ በፊት፣ ሌላ ቦታ ነው። የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን አስተማሩት፤ እሱም የግእዙን ሰዋስው በ1661፣ ያማርኛውን በ1698 አሳተመ። ሉዶልፍ የግእዙን ሰዋስው በላቲን ሲያስረዳ የዋድላና የዋሸራ ተማሪዎች ያለ መጽሐፍ፣ በቃል ያንኑ ያወርዱ ነበር።

በአገር ውስጥ ነገሩ ወደ ማተሚያ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ» በ1948 ዓ.ም፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት ወጣ። ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያማርኛን ሰዋስው ለዘመናዊ ተማሪ ቤት ሲያሰናዱም ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ቅጽል፣ ማሰሪያ አንቀጽ የሚሉት ቃላት ከቅኔ ቤት ወጥተው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ተቀመጡ። ከጣሊያን መባረር በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ሲይዝ፣ ስለ ፓሲቭ ለማስረዳት የተቸገረ መምህር «ተደራጊ ነው» ብሎ መገላገል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን መገላገሉ ሙሉ አልነበረም። እንግሊዝኛ ቃላቱን በቦታቸው የሚያስር ቋንቋ ነው፤ አድራጊው ከፊት፣ ተደራጊው ከኋላ ይሰለፋሉ። ጅብ ስለበላው አህያ ሊያወራ የፈለገ እንግሊዝ አህያውን ወደ ፊት ለማምጣት ግሱን መገልበጥና ጅቡን በ«ባይ» አስከትሎ ከኋላ ማምጣት አለበት። የዋድላ ገበሬ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። «አህያውን ጅብ በላው» ይላል። አህያው ከፊት ቆመ፣ «ን» ተሳቢነቱን ነገረች፣ ግሱ ጫፍ ላይ ያለው «ው» ደግሞ መልሶ ጠቆመው፤ ጅቡም አድራጊነቱን አልተነጠቀም። «አህያው በጅብ ተበላ» ማለት ይቻላል፣ ጥንትም ያለ አማርኛ ነው፤ ግን ገበሬው እስከዚህ አይቸግረውም።

ታዲያ አማርኛ ተደራጊውን ለምን ይፈልገዋል? በአብዛኛው አድራጊውን ለመሸሸግ ነው። ተናጋሪው ያታለለውን ሰው ስም መጥራት ካልፈለገ «ተበላሁ» ይላል። «ተባለ» ያለ ወሬኛ ማን እንዳለ አይጠየቅም። ትሕትናም በዚሁ በር ይገባል፤ እንግዳውን «አንተ ብላ» ከማለት «ኧረ ይበላ፣ ይጠጣ እንጂ!» ማለት ይለሰልሳል፣ ትእዛዙ ሰው ላይ ሳይሆን እንጀራውና ጠላው ላይ ያርፋልና።

ጋዜጣ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ልማድ ተፈጠረ። አዲስ ዘመን ከተመሠረተበት ከ1933 ዓ.ም ወዲህ በተከማቸው የዜና አማርኛ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» የማይጨርሱት ዜና ማግኘት ያስቸግራል። መሸሸጉ የአገሬው ነው። «በእከሌ የተጻፈው መጽሐፍ»፣ «በኮሚቴው የተዘጋጀው ስብሰባ» እየተባለ አድራጊው በ«በ» እየተጎተተ መምጣቱ ግን ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛን «ባይ» ያሸታል። «እከሌ የጻፈው»፣ «ኮሚቴው ያዘጋጀው» ቢባል ያጥራል፣ ጆሮም አይቆረቁርም። በእርግጥ ስህተት ነው ለማለት ሰዋስው አይፈቅድም፤ የቅኔ መምህር ቢሰማው ግን ከማረም አይመለስም ነበር።

ነገሩ በተቃራኒው ሲሆን ደግሞ እንግሊዝኛው ይቸገራል። አማርኛ ተደራጊነትን ተሳቢ ለሌለው ግስ ጭምር ይሰጣል፤ «ሄደ» እና «ደረሰ» የሚወስዱት ተሳቢ የለም፣ ሆኖም ተረት ተራች «ተሂዶ ተሂዶ» ብሎ መንገዱን ያስረዝማል፣ ስብሰባ የጠራ ሽማግሌም «ተመጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ኮን ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ሰሌዳው ላይ «ከጋሸና ተሂዶ ተሂዶ ኮን ተደረሰ» ብሎ ጽፎ ክፍሉን ተርጉሙ ቢል፣ ፈጣኑ ተማሪ «ዊ» ብሎ ይጀምራል፤ ጎበዙ ደግሞ «ማን ነው የሄደው?» ብሎ መምህሩን መልሶ ይጠይቃል።