የመኪና ሞተር እስትንፋስ

በዘመናችን ከመኪና ጋር ያልተዋወቀ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴውም ወደ ገበያው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ነው። ይሁን እንጂ ከተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን ከነጂውም መካከል ከሞተሩ መክደኛ በታች ምን እንደሚሠራ፣ ያም ሥራ በማን አሳብና በምን ድካም ከዚህ እንደ ደረሰ ጠይቆ የተረዳው ብዙ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ሞተር አየሩንና ነዳጁን እንዴት እንደሚቀበል፣ እሳቱን እንዴት እንደሚያነሣ፣ ጢሱንም ወዴት እንደሚያወጣ ታሪኩን ተከትለን ለመግለጽ አስበናል። ታሪኩ የብልኀት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚጠቅመውን ለራሱ ሲያስቀር የሚጐዳውን በማን ላይ እንደሚጥለው የሚያሳይ ታሪክም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የሥራውን ሥርዐት እንመልከት። በሞተር ውስጥ ሲሊንደር የሚባል ድብልብል ክፍል አለ፤ በውስጡም ፒስቶን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በመጀመሪያ ፒስቶኑ ሲወርድ የመግቢያው ቫልቭ ይከፈትና አየርና ቤንዚን ተደባልቀው ይሳባሉ። ሁለተኛም ፒስቶኑ ሲወጣ ሁለቱ ቫልቮች ተዘግተው ድብልቁ ይታመቃል። ሦስተኛም ካንዴላው ፍንጣሪ ይሰጥና ድብልቁ ይነዳል፤ የጋለውም ጋዝ ፒስቶኑን በኀይል ወደ ታች ይገፋዋል። አራተኛም ፒስቶኑ ተመልሶ ሲወጣ የመውጫው ቫልቭ ይከፈትና ጢሱ በቧንቧ ወደ ማርሚታው ሄዶ፣ ድምፁ ከበረደ በኋላ ወደ ውጭ ይበተናል። ከእነዚህ ከአራቱ ምቶች መካከል ኀይል የሚሰጠው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ የእርሱ አገልጋዮች ናቸው። የሞተሩ ዘንግ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ይህ ሁሉ ሥርዐት በሴኮንድ 25 ጊዜ ይፈጸማል።

ይህ ሥርዐት በአንድ ቀን አልተገኘም። በቤልጅግ ተወልዶ በፓሪስ ይሠራ የነበረው ኤትየን ሌኗር በ1860 ዓ.ም. ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ የሚሠራና በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚቀጣጠል ሞተር ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ድብልቁን ሳያምቅ ያነደው ስለ ነበረ ሞተሩ ጋዝ አብዝቶ እየፈጀ ጥቂት ኀይል ብቻ ይሰጥ ነበር። በ1862 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ቦ ዴ ሮሻ ድብልቁ አስቀድሞ ቢታመቅ እንደሚበልጥ ገልጾ የአራቱን ምት ሥርዐት በጽሑፍ አስቀመጠ፤ ሞተሩን ግን አልሠራውም። አሳቡን በሥራ ያሳየው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ሲሆን፣ ይኸውም በ1876 ዓ.ም. በኮሎኝ አጠገብ በዶይትስ ነበር። የኦቶ ሞተር ግን ከባድና በአንድ ስፍራ የተተከለ ስለ ሆነ ለፋብሪካ እንጂ ለመንገድ የሚሆን አልነበረም።

ሞተርን ወደ መንገድ ካወጡት ሰዎች አንዱ ካርል ቤንዝ ነው። በጥር 29 ቀን 1886 ዓ.ም. ፈቃድ የጠየቀበት ባለ ሦስት እግር ሠረገላ አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው፤ ጕልበቱም አንድ የፈረስ ጕልበት አይሞላም ነበር። ሥራው ብዙ ገዢ ባላገኘበት ጊዜ ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ በነሐሴ ወር 1888 ዓ.ም. ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። በመንገድ የቤንዚን ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነዳጁን በቪስሎህ ከተማ ከመድኀኒት ቤት ገዛች። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሲላጥም የካልሲዋን ማሰሪያ ጠቅልላ ከለለችው። እንግዲህ የመጀመሪያዋ የሩቅ መንገድ ነጂ የተቸገረችባቸው ነዳጁና እሳቱ ለሚከተሉት ብዙ ዓመታት የመሐንዲሶቹ ሁሉ ጭንቀት ሆነው ቈዩ።

የነዳጁን ችግር ከፈቱት መካከል የዳይምለር ጓደኛ ቪልሄልም ማይባህ ይገኛል። እርሱ በ1893 ዓ.ም. ያወጣው ካርቡራተር የተመሠረተው በአንድ ቀላል የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው። አየር በጠባብ ጕሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። በዚያ ጕሮሮ ላይ ቀጭን የቤንዚን ቀዳዳ ቢኖር ቤንዚኑ እንደ ጤዛ ተረጭቶ ከአየሩ ጋር ይሄዳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። የዚህን መጠን ጠባይ የአገራችን መካኒኮች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳልና። በጠረፍ ልክ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ሲወጣ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ጕልበት ያጣል፤ ጢሱም ይጠቍራል።

እሳቱም ቢሆን ረዥም ጊዜ አስቸግሯል። ዳይምለርና ማይባህ በውጭ በነበልባል የሚግል ትንሽ ቧንቧ ወደ ሲሊንደሩ አግብተው ድብልቁን በግለቱ ያነዱት ነበር፤ ይህ ግን እሳቱ መቼ እንደሚነሣ በትክክል ለመወሰን አይመችም። በ1902 ዓ.ም. በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ፣ ሞተሩ ራሱ እያዞረው ብርቱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማግኔቶና ከእርሱ ጋር የሚሠራ ካንዴላ ሠራ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ደግሞ ከባትሪ የሚወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ በቦቢና እያበረቱ ለየካንዴላው የማደሉን ሥርዐት አስተካከለ፤ በእርሱም የኤሌክትሪክ ማስነሻ የ1912 ዓ.ም. ካዲላክ ያለ እጅ መዘውር ለመነሣት ቻለ።

ነዳጁና እሳቱ እንዲህ ከተገሩ በኋላ መሐንዲሶቹ ድብልቁን ይበልጥ እያመቁ ጕልበት ለመጨመር ፈለጉ። ነገር ግን ከመጠን በላይ የታመቀ ድብልቅ የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት በገዛ ግለቱ ይፈነዳል፤ ሞተሩም በመዶሻ እንደሚመታ ያንኳኳል፤ ፒስቶኑም ይጐዳል። ከኬተሪንግ በታች ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ብዙ ውሁዶችን ከመረመረ በኋላ በታኅሣሥ 9 ቀን 1921 ዓ.ም. ቴትራኤቲል የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ውሁድ አገኘ። ከአንድ ሺህ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ የማይሞላው ማንኳኳቱን ዝም አሰኘው። አልኮልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ማንኳኳትን እንደሚቀንስ በዚያው ዘመን ይታወቅ ነበር፤ የተመረጠው ግን እርሳሱ ሆነ። በየካቲት ወር 1923 ዓ.ም. በዴይተን ከተማ መሸጥ ጀመረ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ሚጅሊም ራሱ በ1923 ዓ.ም. በዚሁ መርዝ ታምሞ ለማገገም ከሥራው ርቆ ነበር። በጥቅምት ወር 1924 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ በቤይዌይ ማጣሪያ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ሚጅሊ ግን በጋዜጠኞች ፊት እጁን በፈሳሹ ታጥቦ፣ ሽታውንም አሽትቶ የማይጐዳ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። በግንቦት ወር 1925 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤ ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን፣ ከሞተር የሚወጣው እርሳስ ውሎ አድሮ የመንገዱን ሰው ሁሉ እንደሚጐዳ አስጠነቀቀች። ከዚያም አንድ ኮሚቴ ለጥቂት ወራት ብቻ መርምሮ፣ ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም፤ ምርመራው ግን ይቀጥል አለ። ሽያጩ ቀጠለ፤ ይቀጥል የተባለው ምርመራ ግን እንደ ታሰበው አልቀጠለም።

ስሕተቱን ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አንችልም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነበር። ሦስቱን ምቶች የሚጠብቅ ባለቤት ነበራቸው፤ ነዳጅ ሲባክን፣ እሳት ሲጠፋ፣ ጕልበት ሲያንስ ገዢው ወዲያው ያማርራልና። አራተኛው ምት ግን ባለቤት አልነበረውም። ጢሱ ከቧንቧው ከወጣ በኋላ የሚተነፍሰው መኪናውን የገዛው ሰው ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚጫወተው ሕፃን ነበር።

የጢሱ ዕዳ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሊቁ ሃገን ስሚት የሎስ አንጀለስን ሰማይ የሚሸፍነው፣ ዐይን የሚያቃጥል ጕም ከመኪናና ከማጣሪያ የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲለወጥ የሚፈጠር መሆኑን አስረዳ። በ1956 ዓ.ም. የምድርን ዕድሜ 4550 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን ያወጣው ክሌር ፓተርሰን፣ በዚያው ምርምር ላይ ሳለ እርሳስ ያልነካው ዕቃ ለማግኘት እጅግ ተቸግሮ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በሰው አካል ያለው እርሳስ በተፈጥሮ ሊኖር ከሚገባው እጅግ የበዛ መሆኑን ገለጸ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪሙ ኸርበርት ኒድልማን በጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ብለው መገኘታቸውን አስታወቀ።

በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1970 ዓ.ም. ሲጸና ፋብሪካዎቹ ጢሱን የሚያጣራ መሣሪያ ለመፈለግ ተገደዱ። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ከማርሚታው በፊት ካታሊስት የሚባለው ማጣሪያ ገባ፤ በውስጡም እንደ ፕላቲን ያሉ ማዕድናት መርዘኛውን ጋዝ ይለውጡታል። እርሳስ ግን እነዚህን ማዕድናት እየሸፈነ ከሥራ ስለሚያወጣቸው ከቤንዚኑ መውጣት ግድ ሆነበት። ቮልቮ በ1976 ዓ.ም. ከጢሱ መንገድ ላይ በጢሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አደረገ፤ በልኬቱም መሠረት ወደ ሞተሩ የሚገባው የቤንዚን መጠን ወዲያው ይታረም ጀመር። በካርቡራተርም ፈንታ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ እየተተካ ሄደ። እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ፤ ባለቤት አጥቶ የነበረው ጢስ ለነዳጁ አዛዥ ሆነ።

በአፍሪካም ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዓ.ም. በዳካር ተስማምተው እስከ 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አስቀሩ፤ አገራችንም ከነዚሁ ጋር ነበረች። በዓለም የመጨረሻው ለመኪና የሚሆን እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአልጄሪያ መሸጡ የቀረው በ2021 ዓ.ም. ነው። የሃሚልተን ማስጠንቀቂያ በዓለም ሁሉ እስኪፈጸም 96 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለውም። ሆኖም እርሱም የራሱ አራተኛ ምት አለው፤ ትልቁ ባትሪ ሲያረጅ ወዴት ይወጣል? ማንስ ይረከበዋል? እኛ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚሰጠውን ጕልበት የሚነግረን ነጋዴ አይጠፋም፤ የሚያወጣውን ጢስ አስቀድሞ መጠየቅ ግን በመሥሪያ ቤት የተቀመጠው ሹም፣ በጥቍር ሰሌዳ ፊት የቆመው መምህርና ነገ ሕግ የሚያወጣው ተማሪ ሥራ ነው። ጥያቄው ገና በማለዳ ቢጠየቅ ኖሮ ዓለም ያን ሁሉ ዓመት ባልከሰረ ነበር።